ሂያጅና ቋሚ

አባቴን እቤት ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መሣሪያዬም አንድ ባልዲ ውሃ፣ የልብስ ብሩሽና አንዲት ቢጫ የሰም እርሳስ ነበሩ። ፉከራ እንዳይመስላችሁ። እርግጥ ለብዙ ዓመታት በሆዴ ስፎክርበት ኖሬያለሁ፤ ያደረግኩት ምን እንደነበረ ሲገባኝ ነው የተውኩት።

ቤታችን ከአውስትራሊያ በስተደቡብ ባለችው ደሴት፣ ሆባርት ከተማ ውስጥ፣ ትራሙ ከሚመለስበት ፌርማታ ሽቅብ፣ ከተራራው ሥር ነበር። ተራራው ስም አለው፤ እኛ ግን «ተራራው» እንጂ ሌላ ብለነው አናውቅም። አባቴ ሌስ ዳይሪን ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ጂኦሎጂ ያስተምር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኪሱ ሁልጊዜ በድንጋይ የተወጠረ ሰው ነው። እናቴ ኦልዊን ልብሱን ከማጠቧ በፊት ኪሶቹን ገልብጣ ታራግፍና «አንድ ቀን ተራራውን በኪስህ ጨርሰህ ታመጣልኛለህ» ትለዋለች። ያኔ ገና ይሳሳቁ ነበር።

አባቴ ሥራውን ያስረዳኝ በወተት ነው። ጠዋት ጠዋት የእንጨት ምድጃው ላይ ወተት የሚያሞቅልኝ እሱ ነበር። ስልባቦቱ ሲይዝ ማንኪያውን ይዞ ጎንበስ ይላል።

«ነይ እይ፣ ሮንዲ። ይሄ ስልባቦት አገር ነው። አሁን ዝም ብለሽ ጠብቂ።»

ወተቱ ከሥር መንቀሳቀስ ሲጀምር ስልባቦቱ ይተረተርና ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደዚያ፣ አንዱ ወደዚህ ይሄዳል።

«ይቺ ትንሿ እኛ ነን። ያኛው ደግሞ ደቡብ ዋልታ። ድሮ አንድ ላይ ነበርን።»

«ማን ለያያችው?»

«ለያያቸው ነው የሚባለው። ከሥር ያለው ሙቀት።»

«ተመልሰው ይመጣሉ?»

አሰብ አደረገ። አባቴ ጠያቂው ልጅ ስለሆነ ብሎ የማያውቀውን አይመልስም። «እስካሁን ሲመለስ ያየ ሰው የለም» አለኝ።

«ሌስ! ወተቱ!» እናቴ ከጓሮ እየሮጠች ገባች። ወተቱ ገንፍሎ ምድጃው ላይ እየተንጨረጨረ ነበር። ቤቱ ሁሉ ያረረ ወተት ሸተተ፤ እሷም አገሩን ከነዋልታው በጨርቅ ጠረገችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአልጋዬን ብረት ጨብጬ ነበር የምተኛው።

ዛሬ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ምድር እንደምትሄድ አሁን የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የልጆች አስተማሪ ነበርኩ። ያኔ ግን እንዲህ የሚል ሰው መሳቂያ ነበር። ጂኦሎጂስቶቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር። አህጉራት ከተፈጠሩበት ቦታ ንቅንቅ ብለው አያውቁም የሚሉት «ቋሚዎች» ይባላሉ፤ ይሄዳሉ የሚሉት ደግሞ «ሂያጆች»። ስሞቹን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ግማሹን ለቀልድ፣ ግማሹን ለስድብ። ሂያጆቹ ጥቂቶች ነበሩ። በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ዳርቻ አንድ ዓይነት የቅጠል ቅሪተ አካል ድንጋይ ውስጥ መገኘቱን፣ ዛሬ ፀሐይ በሚያነደው አገር የጥንት በረዶ የቧጨረው አለት መኖሩን ይቆጥራሉ። ቋሚዎቹ «በምን ጉልበት ሄደ?» ብለው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ሂያጆቹ መልስ የላቸውም፤ ሳቅ ይሆናል።

እናቴ ወንድም ነበራት፣ አጎቴ ክሌም፤ ፖም አምራች ነው። እሑድ እሑድ ከነጭነት መኪናው ይመጣና ገና ከበር ላይ ይጀምራል።

«ይቅርታ ሌስ፣ ዛሬ ዘገየሁ። ከተማዋን ባለፈው ካቆምኳት ቦታ ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት።»

«ቆይ፣ ያንተም እርሻ አንድ ቀን ባሕር ይገባል።»

«ይግባ! ዓሣም ፖም ይበላ እንደሆነ አያለሁ።»

ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን «ሂያጅ» የሚለው ቃል በሳቅ መካከል ሲነሳ መሳቄን አቆም ነበር። ምክንያቱም ያን ቃል ከሌላ ቦታ አውቀዋለሁ። ጎረቤታችን ሚስስ ታረንት ባል ነበራት። በግ ሊሸልት ብሎ ወደ ዋናው ምድር ተሻገረና፣ እኛ የደሴት ሰዎች አውስትራሊያን እንዲያ ነው የምንላት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተመለሰም። ሴትዮዋ በአጥራችን ላይ ደገፍ ብላ ስታለቅስ እናቴ እጇን ይዛ «ሂያጅ ነው፣ የኔ እህት። ሂያጅ ደግሞ አይያዝም» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ የአባቴ አለቃ ፕሮፌሰር አርክል ለሻይ መጡ። ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ለእኔ ከረሜላ የማይረሱ ሰው ነበሩ። እናቴ ያን ዕለት ቆንጆዎቹን ስኒዎች አወጣች። እኔ ከበሩ ጀርባ ወለል ላይ ተቀምጬ የልብስ ቁልፎች በቀለም በቀለማቸው እየደረደርኩ ነበር።

«ሌስ፣ አንተ ጎበዝ ሰው ነህ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ይህን የማያውቅ የለም። ግን ሂያጅ ነህ።»

እጄ ላይ የነበሩት ቁልፎች ተበተኑ።

«ነሐሴ ላይ ቦርዱ ፊት ቀርቤ ቋሚ ይሁንልኝ እንድል ትፈልጋለህ። ሂያጅን እንዴት ብዬ ነው ቋሚ አድርጉት የምለው? ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ፣ ፕሮፌሰር። ድንጋዮቹ መልስ ሲሰጡ ሳቁ ያበቃል።»

«በምን ጉልበት ነው ይህ ሁሉ ምድር የሚሄደው? ጉልበቱን አሳየኝና እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ጉልበቱን አላውቀውም። መንገዱን ግን አሳይዎታለሁ።»

የቀረውን አልሰማሁም። አባቴ ሂያጅ ነው። መንገዱንም ያውቀዋል። ፕሮፌሰሩም ካሳመናቸው ከረሜላቸውን ይዘው አብረውት ሊሄዱ ነው። አባቴ ውሉ በየዓመቱ የሚታደስ ጊዜያዊ አስተማሪ መሆኑን፣ እናቴም ሦስት ዓመት ሙሉ «ቋሚ» የሚለውን ቃል እንደ ጸሎት ስትጠብቅ መኖሯን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ቋሚ ማለት ለእኔ የሚቆም፣ የማይሄድ፣ ማታ ቤቱ የሚገባ አባት ማለት ነበር። ሳስበው ለእናቴም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ፕሮፌሰሩ እንደወጡ እናቴ ስኒዎቹን ማጠብ ጀመረች። ውሃው ሲንቦራጨቅ ይሰማኛል።

«ተው እያሉህ እኮ ነው፣ ሌስ። ለምነውህ ነው የሄዱት።»

«ሰማሁ።»

«አንድ ቃል ብቻ ብትል ቋሚ ትሆናለህ። አንድ ቃል! በየዓመቱ ነሐሴ ሲደርስ እንቅልፍ ማጣት ሰለቸኝ። እኛን ነው ወይስ ድንጋዮቹን?»

«እንዲህ አድርገሽ አትጠይቂኝ።»

«ጠየቅኩህ እኮ።»

አባቴ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ይቅርታ በመሰለ ድምፅ «እኔ የምሄደው ድንጋዮቹ ወደሚያመለክቱኝ ነው፣ ኦልዊን» አላት።

እውነቱ ወዴት እንደሆነ ድንጋዮቹ ይንገሩኝ ማለቱ ነበር። እኔ ግን ቃል በቃል ነው የሰማሁት። የድንጋዮቹን ምልክት ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ወደ ተራራው ይዞኝ ወጥቶ ነበር። ጥቁሩ አለት እንደ ምሰሶ ተደርድሮ የቆመበት ቦታ ላይ ተንበርክኮ ኮምፓሱን አስቀመጠ፤ የድንጋዩ አናት ላይ ክብ ሠራ፣ ከክቡም ላይ በቢጫዋ የሰም እርሳስ ቀስት አወጣ። ነፋሱ ከደቡብ፣ ከበረዶው አገር ማንም ሳያግደው ነው የሚመጣው፤ በበጋም ጣት ያደነዝዛል።

«ይህ ድንጋይ ድሮ ቀልጦ ነበር» አለኝ። «ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ብረቶች በዚያን ጊዜ ሰሜን ወደነበረበት ዞረው ደረቁ። ከዚያ በኋላ አገሩ ቢሄድ ቢዞር ድንጋዩ አይረሳም። ዋናው ምድር ላይ ይህን የሚያነብ መሣሪያ አላቸው። ግን ዛሬ የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደነበር፣ ሰሜን በየት በኩል እንደነበር ካልጻፍኩበት ንባቡ ከንቱ ነው።»

«ቀስቱ የት ነው የሚያሳየው?»

«ሰሜን።»

«ሰሜን ምን አለ?»

«ባሕሩ። ከባሕሩ ማዶ ዋናው ምድር።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነው። ሚስተር ታረንት የሄደበት አገር።

የካቲት ሲገባ ሠላሳ አንድ ድንጋዮች ጓሯችን ካለው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ውስጥ በድንች ጆንያ ላይ ተኝተው ነበር። ሰኞ መርከብ ላይ ሊጫኑ ነው። እሑድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ አባቴ ለሣጥን የሚሆን እንጨት ሊያመጣ ከአጎቴ ክሌም ጋር ወጣ። እኔ ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ቀረሁ። ሚስስ ታረንት በአጥሩ በኩል ጆሮ ጣል እንድታደርግብኝ ተነገራት።

ባልዲውን ሞልቼ ገባሁ። የሰም እርሳስ በቀላሉ አይለቅም። ሳሙና ጨምሬ፣ በብሩሽ ፈትጌ፣ ክቡንም ቀስቱንም አንድ በአንድ አስለቀቅኩ። ቁጥሮቹን አልነካሁም፤ እነሱ በቀለም ነበር የተጻፉት፣ ደግሞም የትም አያመለክቱም። ከዚያ ድንጋዮቹ እስኪደርቁ ጠብቄ እርሳሷን ከመደርደሪያው አወረድኩ። በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ለመጻፍ የሚመቸውን ለስላሳ ፊት ፈልጌ ልክ እንደ አባቴ አድርጌ ክብ ሠራሁ፣ ቀስትም አወጣሁ። እጄ ጥሩ ነበር። ሠላሳ አንዱም ቀስቶች በተከፈተው በር በኩል ቀጥ ብለው ወደ ወጥ ቤታችን ያመለክቱ ነበር። ሳየው ደስ አለኝ። አባቴ ድንጋዮቹ ወደሚያመለክቱት ከሆነ የሚሄደው፣ እንግዲህ ወደ ቤት ይሂድ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሲገባ ቆም አለ።

«ማን ነው ያጠባቸው?»

«እኔ። አቧራ ነበረባቸው።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ቁጢጥ ብሎ አንዱን አነሳ። «ሮንዲ፣ ምልክቶቹን አላስለቀቅሽም?»

«አላስለቀቅኩም።»

አገላብጦ አየው፤ ሌላም አነሳ። ክቡ አለ፣ ቀስቱ አለ፣ ቁጥሩ አለ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከተራራው ሲያወርዳቸው የከረሙ፣ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ወጣ ገባ የሆኑ ድንጋዮች ናቸው። ትንፋሹን ለቀቀና አናቴን ሳመኝ። «ጎበዝ ልጅ። ንጹሕ ሲሆኑ ቀለሙም ይይዛል» አለ። ከዚያ የነጭ ቀለሙን ጣሳ እንድይዝለት ሰጥቶኝ፣ በቀጭን ብሩሽ በቢጫው መስመር ላይ በነጭ ደገመበት። በሠላሳ አንዱም ላይ በገዛ እጁ ደገመበት።

ደብዳቤው የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ተራራው ነጭ ሆኖ ነበር፤ እናቴ የታጠበ ልብስ ምድጃው ዙሪያ ሰቅላ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። አባቴ ቆሞ አነበበው። ተቀምጦ እንደገና አነበበው።

«ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«እያንዳንዱ ድንጋይ የየራሱን ሰሜን ነው የሚናገረው ይላል። ሁለት እንኳ የሚስማሙ የሉም።»

«እና ምን ማለት ነው?»

«ያስታወሱት ነገር የለም ማለት ነው። ወይም እኔ...» አልጨረሰውም። ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

ተከትዬው ሄድኩ። ባዶው ዕቃ ቤት ውስጥ ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ወደ ራሱ ሳበኝና ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ ጠየቀኝ።

«ሮንዲ፣ ያን ዕለት ድንጋዮቹን ስታጥቢ... ምናልባት ሳታውቂው አንዱን ምልክት ነክተሽ ነበር? ብትነኪም አልቆጣም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

አሁን ሳስበው፣ ዕድሜዬ ሙሉ የተሠራው በዚያች ደቂቃ ነው። አወቅኩበት። ነክቻለሁ ካልኩ ድንጋዮቹን እንደገና ያመጣል፣ ቀስቶቹም እንደገና ወደ ባሕሩ ይዞራሉ።

«አልነካሁም፣ አባዬ። ማርያምን» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ እኔው ነኝ» አለ። አመነኝ። ልጄ አትዋሸኝም የሚል ሰው ነበር፤ ስለ ድንጋይ የነበረው ጥርጣሬ ሩቡ እንኳ ስለ እኔ አልነበረውም።

በዚያው ወር አንድ አጭር ጽሑፍ ጽፎ አሳተመ። ሞክሬዋለሁ፣ የደሴታችን ጥቁር ድንጋይ የጥንቱን ሰሜን አልያዘም፣ በእሱ ላይ ተመርኩዞ ምድር ሄደች ማለት አይቻልም፤ እኔም ተሳስቼ ነበር የሚል ነው። ፕሮፌሰር አርክል ለቦርዱ አነበቡት። ይህን ያህል ሐቀኛ ሰው አላየሁም አሉ አሉ። ነሐሴ ላይ አባቴ ቋሚ ሆነ።

የዚያን እሑድ እናቴ የበግ ታፋ ጠበሰች። ሮዝ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ከምድጃው ወደ ጠረጴዛው ስትመላለስ ታንጎራጉር ነበር። አጎቴ ክሌም ብርጭቆውን አነሳ።

«እንኳን ቆምክ፣ ሌስ! በቃ፣ ቆመሃል?»

«ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያው ተነስና ቢራ አምጣልን።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ፤ ሥራው የእኔ ነዋ። እናቴ አባቴን ከኋላው አቀፈችውና ጆሮው ሥር «ለእኛ ብለህ ነው፤ ይገባኛል። ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም» አለችው። አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት። ከዚያ እጇን ዳበስ አደረገ። ነገሩ ድንጋዮቹ ስለከዱት መሆኑን ሊነግራት ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ። ግን ዞር ብሎ ፊቷን አየ። እሷም የዚያን ቀን ያመነችውን ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ስትናገረው ኖረች፦ ሌስ ለእኔ ብሎ ነው የተወው።

አባቴም ማታ ማታ ቤቱ ይገባ ጀመር። ወደ ተራራው መውጣት ተወ። ኪሶቹ ባዶ ሆኑ። ወተት እንደ በፊቱ ያሞቅልኛል፤ ግን ስልባቦት ሳይይዝ ቀድሞ ያወርደዋል። «ስልባቦቱን አሳየኝ» ስለው «ትምህርት ቤት ይረፍድብሻል» ይለኛል። ለተማሪዎቹ አህጉራት ከቦታቸው ንቅንቅ እንዳላሉ ያስተምር ነበር፤ አጎቴ ክሌምም መቀለዱን ተወ፤ የሚቀለድበት ነገር አጣ። ቅስሙ መሰበሩ ነበር። እኔ ግን የመሰለኝ ቋሚ አባት ማለት እንዲህ ጸጥ ያለ ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከዋናው ምድር አንድ ወጣት ሳይንቲስት መጣ። ከዚያው ተራራ፣ ከዚያው ጥቁር ድንጋይ ወሰደ። የእሱ ድንጋዮች ሁሉም ባንድ አፍ ተናገሩ፤ በቀዘቀዝንበት ዘመን ይህ ደሴት ከዋልታው አጠገብ ነበር አሉ። አባቴ ያን ሲያነብ የቁርስ እንቁላሉ ከፊቱ እንዳለ ቀዘቀዘ። ከዚያ ተነስቶ ኮምፓሱን አወጣና ጓሮ ውስጥ ሲዞር ዋለ። መዶሻውን አጠገቡ ያስቀምጣል፣ መርፌዋን ያያል፤ መዶሻውን ያርቃል፣ መርፌዋን ያያል። በመጨረሻ «መዶሻው መሆን አለበት» አለ። «ወገቤ ላይ ነበር። እንዴት ያለሁ ደደብ ነኝ!» ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሁሉ መስክ ሲወጣ መዶሻህን አርቅ የሚለው ምክር የአባቴ ነው።

ሌላ አሥር ዓመት አለፈ። ሰዎች የባሕሩን ወለል ለክተው ከመካከሉ እየተሰነጠቀ፣ በግራና በቀኝ እየሰፋ እንደሚሄድ አገኙ። ጉልበቱም መንገዱም ተገኘ፤ ዓለም ሁሉ ሂያጅ ሆነ። ፕሮፌሰር አርክል ራሳቸው ኮፍያ የመለወጥ ያህል ሳይከብዳቸው ሂያጅ ሆኑ፤ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ስለ ጉዳዩ በስማቸው ጽፈው አያውቁምና። የጻፈው አባቴ ነው። አንድ መማሪያ መጽሐፍ ግርጌ ላይ ስሙ አለ፦ ናሙና በጥንቃቄ ካልተያዘ ምን ዓይነት ስሕተት እንደሚመጣ ለማሳየት።

እኔ የገባኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። የመስክ ትምህርት ላይ ለተማሪዎቹ ምሳ ይዤ ሄጄ ነበር። አባቴ አንድ ድንጋይ አንስቶ «ይህ ቀስት ከተነካ ድንጋዩ ዲዳ ነው» ሲላቸው የዕቃ ቤቱ ባልዲ ታወሰኝ። ሳንድዊቹን እዚያው ሣሩ ላይ አስቀምጬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ያን ማታ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ አልኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ፈጀው።

በሃያ አራት ዓመቴ ዋናው ምድር ላይ የማስተማር ሥራ አገኘሁ። ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ ከአባቴ ጋር የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጠን አተር እንፈለፍል ነበር። ከጀርባችን በወጥ ቤቱ ክፍት መስኮት እናቴ ማርማላታ ስታማስል ይሰማናል። አባቴ ፀጉሩ ሸብቷል፤ የዚያን ዓመት በጊዜ ጡረታ ወጥቶ ነበር።

«አባዬ፣ መዶሻው አልነበረም» አልኩት።

እጁ አላቆመም። «የቱ መዶሻ?»

«ምልክቶቹን አጥቤያቸው ነበር። ከዚያ ሌላ ሣልኩባቸው። አንተ ድንጋዮቹ ወደሚያመለክቱኝ እሄዳለሁ ስትል ሰምቼ... ወደ ቤት አዞርኳቸው። እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

አሁን እጁ ቆመ። አንድ የአተር ቅርፊት ጣቶቹ መካከል እንደያዘ ወደ ተራራው አየ። እንዲጮህብኝ ለመንኩ፤ በልቤ እግዜርን ለመንኩ።

«ሠላሳ አንዱንም?» አለኝ።

«ሠላሳ አንዱንም።»

«ጠይቄሽ ነበር።»

«ሁለት ጊዜ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በእጁ ጀርባ ጠረገው። «ልክ ነበርኩ ማለት ነው» አለ። ይህን ያለው ለእኔ አይደለም። «ከዋናው ምድር ከመጣው ከዚያ ልጅ ሁለት ዓመት በፊት። ልክ ነበርኩ።»

«ለሁሉም እነግራለሁ፣ አባዬ። ለመጽሐፉ ሰዎች እጽፋለሁ። ስምህን...»

«ምን እያላችሁ ነው እናንተ?» አለች እናቴ ከውስጥ። «አተሩን አቀብሉኝ እንጂ!»

«መጣን፣ ኦልዊን!» ብሎ ጮኾ መለሰላት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ክፋትም አልነበረበትም።

«ለማንም አትጽፊም። እናትሽ ለእኔ ብሎ ተወው ብላ ነው የኖረችው። ሌላ ያገኘችው ነገር የለም፣ ሮንዲ።» የአተሩን ሳህን አንስቶ ቆመ። «ይህንንም አትውሰጅባት።»

ይህንን አላለም፤ ይህንንም ነው ያለው።